ራሱን የማይመረምር ትምህርት ቤት

ርእሰ አንቀጽ

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በጥር ወር 2015 በተገለጠ ጊዜ በአገሩ ሁሉ ድንጋጤ ሆነ። ወደ 900,000 ከሚጠጉት ተፈታኞች መካከል ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ ይኸውም ከመቶ 3.3 መሆኑ ነው። አንድ ተማሪ ስንኳ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች 1,161 ሆነው ተገኙ። በተከታዩ ዓመት ያለፉት ከመቶ 3.2 ሲሆኑ፥ ማንንም ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ቁጥር ወደ 1,328 ከፍ አለ። ከዚያ ወዲህ በ2016 ዓ.ም. ወደ 5.4፥ በ2017 ዓ.ም. ወደ 8.4 ከመቶ መድረሱ መልካም ነው፤ ሆኖም ከመቶ ተፈታኞች ከዘጠና የሚበልጡት የሚወድቁበትን ውጤት ይዘን ደስ አለን ለማለት አንደፍርም።

ስለ ውጤቱ ብዙ ተጽፏል፥ ብዙም ተነግሯል። አንዳንዱ ተማሪውን፥ አንዳንዱ መምህሩን፥ አንዳንዱም መንግሥትን ወቀሰ። እኛ በዚህ ርእሰ አንቀጽ የምናነሣው ጥያቄ ሌላ ነው። ለመሆኑ የደነገጥነው ለምንድን ነው? የትምህርት ቤት መሻሻል መርሐ ግብር ከተጀመረበት ከ1999 ዓ.ም. አንሥቶ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት በየጊዜው ራሱን እንዲገመግም፥ ብርታቱንና ድካሙን ጽፎ እንዲያቀርብ ደንብ ተሠርቷል። ርእሰ መምህሩ ይፈርማል፤ ማኅተም ይመታል፤ ወረቀቱ ከወረዳ ወደ ዞን፥ ከዞን ወደ ቢሮ ይሄዳል። በዚያ ሁሉ ወረቀት ውስጥ እውነቱ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ የፈተናው ውጤት ያሳዝነን ነበር እንጂ አያስደነግጠንም ነበር። ድንጋጤያችን ራሱ ምስክር ነው። ትምህርት ቤቶቻችን ወይ ስለ ራሳቸው የሚያውቁትን አልጻፉም፥ ወይም ስለ ራሳቸው አላወቁም።

ፈተናው ከዚያ ዓመት ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ እንዲሰጥ የተደረገው ኩረጃን ለመከላከል ነበር። ከኩረጃው ጋር የተገፈፈው መሸፈኛ ግን የተማሪው ብቻ አልነበረም፤ የትምህርት ቤቱም ነበር። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ሲሉ አባቶቻችን የተናገሩት ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው።

እንግዲህ አሳባችንን በግልጥ እንናገር። አንድ ትምህርት ቤት ራሱን የመመርመር ችሎታ እስካላገኘ ድረስ የውጭ ተቆጣጣሪ ቢመጣበትም ባይመጣበትም የሚሻሻል ነገር አይኖርም። ይህም ችሎታ እንደ አናጢነትና እንደ ሐኪምነት የሚማሩት ሙያ ነው። በሰርኩላር አይታዘዝም፤ በቅጽም አይፈጠርም። ተጠያቂነት የምንሻ ከሆነ አስቀድመን ትምህርት ቤቶቻችንን በዚህ ሙያ ልንረዳቸው ይገባል።

ራስን መመርመር በአገራችን ለምን ፍሬ እንዳላፈራ ለመረዳት ወደ ኋላ ማየት ይጠቅማል። በ1930ዎቹ ዘመናዊ ትምህርት ቤቶች እንደ ገና ሲቋቋሙ ጐብኚው «ኢንስፔክተር» ይባል ነበር። በ1955 ዓ.ም. ስሙ ወደ «ሱፐርቪዥን» ተለወጠ። በ1970ዎቹ ተመልሶ «ኢንስፔክሽን» ሆነ። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ እንደ ገና «ሱፐርቪዥን» ተባለ። ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ሱፐርቪዥኑ ሳይቀር ኢንስፔክሽን ተጨምሮ ሁለቱም ጐን ለጐን ይሠራሉ። ስም በተለወጠ ቁጥር መመሪያ ይታተማል፥ ሥልጠና ይሰጣል፥ ቅጽ ይበተናል። በዚህ ሁሉ ዘመን ያልተለወጠ አንድ ነገር ቢኖር የሚመረመረው ትምህርት ቤት፥ መርማሪው ደግሞ ሁልጊዜ ከውጭ የሚመጣ ሰው መሆኑ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት በቃሉ ውስጥ ይገኛል። «ግምገማ» የሚለው ቃል በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ሲሰማ መምህራን የሚታያቸው የተማሪ ደብተር አይደለም። በደርግ ዘመን «ሒስና ግለ ሒስ» ይባል ነበር፤ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ «ግምገማ» የሚባለው ስብሰባ በየመሥሪያ ቤቱ ተስፋፋ። ሰው በጓደኞቹ ፊት ቆሞ ጥፋቱን እንዲናገር የሚደረግበት፥ የተናገረውም በኋላ ለዝውውርና ለዕድገት የሚጠቀስበት መድረክ ነበር። እንዲህ ያለውን ያየ ሰው «ራስህን ገምግም» ሲሉት ቢጠነቀቅ አያስደንቅም። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ማለት ይህ ነው። ስለዚህ መምህሩ ቅጹን ሲቀበል መካከለኛውን ቁጥር ይመርጣል፤ በጣም ዝቅ ቢል ይጠየቃል፥ በጣም ከፍ ቢል ደግሞ ማስረጃ አምጣ ይባላል። ከመካከለኛው ቁጥር ግን ማንም ምንም አይማርም።

ሦስተኛውን ምክንያት በኢንስፔክሽኑ አሠራር ውስጥ እናገኘዋለን። ማዕቀፉ 26 ስታንዳርዶች አሉት፤ በግብዓት፥ በሂደትና በውጤት ተከፍለው ነጥብ ይሰጥባቸዋል፥ ትምህርት ቤቱም ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 ባለው ውስጥ ይመደባል። አሳቡ መጥፎ አይደለም። ከስታንዳርዶቹም ብዙዎቹ አስፈላጊዎች ናቸው። ነገር ግን ቡድኑ መጥቶ ለጥቂት ቀን ይቆያል፥ ቃለ ጉባኤ ያያል፥ ጥቂት ክፍሎችን ይጐበኛል፥ ከዚያም ይሄዳል። ሰሌዳው ላይ የሚቀረው አንድ ቁጥር ነው። «ደረጃ 2 ነን» የሚል ትምህርት ቤት እናውቃለን፤ «የ3ኛ ክፍል ልጆቻችን ማካፈል የሚከብዳቸው በዚህ ምክንያት ነው፥ ያደረግነውም ይህን ነው» የሚል ትምህርት ቤት ግን እምብዛም አልገጠመንም። ደረጃው የታወቀ ትምህርት ቤት ራሱን ያወቀ ትምህርት ቤት አይደለም።

በዚህ ጉዳይ የሌላውን አገር ልምድ መመልከት ይጠቅማል። ተጠያቂነትን በጽሑፍ ውል አስረው የፈተኑት የአሜሪካ «ቻርተር ትምህርት ቤቶች» ናቸው። ቻርተር ማለት የውል ሰነድ ነው። አሳቡን በጽሑፍ ያቀረቡት በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ሬይ ባዲ ሲሆኑ፥ እ.ኤ.አ. በ1988 የአሜሪካ መምህራን ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት አልበርት ሻንከር መምህራን አዲስ ዘዴ የሚሞክሩባቸው ትምህርት ቤቶች እንዲቋቋሙ በመናገራቸው በሰፊው ታወቀ። የመጀመሪያውን ሕግ ያወጣችው ዛሬ ከአገራችን የሄዱ ብዙ ቤተሰቦች የሚኖሩባት የሚኔሶታ ግዛት ናት፤ ሕጉ እ.ኤ.አ. በ1991 ወጣ፥ በተከታዩ ዓመት ሲቲ አካዳሚ የተባለው የመጀመሪያው ትምህርት ቤት በሴንት ፖል ከተማ ተከፈተ። ዛሬ በእነዚህ ትምህርት ቤቶች ከ3 ሚሊዮን የሚበልጡ ልጆች ይማራሉ።

ስምምነቱ እንዲህ ነው። ትምህርት ቤቱ የሚተዳደረው በሕዝብ ገንዘብ ነው፥ ከተማሪም ክፍያ አይጠይቅም። መምህራኑን በመቅጠር፥ ሰዓቱን በመመደብና ትምህርቱን በማደራጀት ረገድ ከሌሎቹ የበለጠ ነጻነት ይሰጠዋል። በምላሹ ምን እንደሚያደርግ በውል ይጽፋል፤ ብዙ ጊዜ አምስት ዓመት በሆነው የውል ዘመን መጨረሻ ፈቃድ ሰጪው አካል ይመረምረዋል። ቃሉን ከጠበቀ ውሉ ይታደሳል፤ ካልጠበቀ ሊዘጋ ይችላል።

በወረቀት ላይ ከዚህ የበለጠ ግልጥ ነገር የለም። ሥራ ላይ ሲውል ግን ምን ሆነ? የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 15 ግዛቶችንና ዋና ከተማዪቱን ዋሽንግተንን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት፥ በሒሳብ ትምህርት ከመደበኛዎቹ ትምህርት ቤቶች የተሻሉት ቻርተሮች ከመቶ 17 ብቻ ነበሩ፤ 46ቱ ምንም ልዩነት አላሳዩም፥ 37ቱ እንዲያውም ያነሱ ሆኑ። በ2023 እነዚያው ተመራማሪዎች በድጋሚ ሲያጠኑ በአማካይ መጠነኛ ብልጫ አገኙ። ከሁለቱ ጥናቶች የምንረዳው ነጻነት ብቻውን ትምህርትን እንደማያሻሽል፥ የሚዘጋ ትምህርት ቤት አለ የሚለው ማስፈራሪያም ብቻውን በአንድ ጊዜ ሁሉን እንደማያቀና ነው።

ተጠያቂነት የወረቀት ነገር ሲሆን ምን እንደሚደርስ የኦሃዮ ግዛት አይታለች። በዚያ «ኤሌክትሮኒክ ክላስሩም ኦቭ ቱሞሮው» የተባለ በኮምፒውተር የሚያስተምር ቻርተር ነበር። መንግሥት የሚከፍለው በተማሪው ቁጥር ነበርና፥ ተማሪዎቹ በእርግጥ ስንት ሰዓት እንደ ተማሩ አሳይ ሲባል ማሳየት አልቻለም። ወደ 80 ሚሊዮን የሚጠጋ ዶላር እንዲመልስ ተወሰነበት፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2018 በዓመቱ አጋማሽ ሲዘጋ ወደ 12,000 የሚሆኑ ተማሪዎች ሌላ ትምህርት ቤት ፍለጋ ወጡ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ኪሣራው የወደቀው በማን ላይ እንደሆነ አንባቢ ያስተውል። የዘገየ ተጠያቂነት ሁልጊዜ ዕዳውን የሚያስከፍለው ልጁን ነው።

ተጠያቂነት ወደ አንድ ቁጥር ሲጠብ የሚሆነውን ደግሞ ቻርተር ያልሆኑት የአትላንታ ከተማ ትምህርት ቤቶች አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 የጆርጂያ ግዛት መርማሪዎች ባቀረቡት ዘገባ በ44 ትምህርት ቤቶች 178 መምህራንና ኃላፊዎች በፈተና ማጭበርበር ውስጥ እንደ ተገኙ ተገለጠ። መምህራን የተማሪዎችን የተሳሳተ መልስ በላጲስ አጥፍተው አርመው ነበር። ሰው ሁሉ በፈተና ቁጥር ብቻ የሚሾምና የሚሻር ከሆነ ቁጥሩን ማስተካከል ትምህርቱን ከማስተካከል ይቀላል። ይህ ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም።

ከዚሁ ከአሜሪካ የምንቀስመው በጎ ነገርም አለ። እ.ኤ.አ. በ1993 ሕጉን ያወጣችው ማሳቹሴትስ ትምህርት ቤቶቿን የምትመረምረው በሦስት ጥያቄዎች ነው። ትምህርቱ ፍሬ አፍርቷልን? ድርጅቱ በገንዘብና በአመራር ጤናማ ነውን? ትምህርት ቤቱ ለገባው ቃል ታማኝ ነውን? ትምህርት ቤቱ የሚመዘንበትን ግብ ራሱ ይጽፋል፥ በየዓመቱም ስለ ግቡ ዘገባ ያወጣል። የውጭ ጐብኚዎች ሲመጡ ትምህርት ቤቱ ስለ ራሱ የተናገረውን ይዘው እውነት መሆኑን ያያሉ። የውጭ ምርመራና የውስጥ ምርመራ ተያይዘው የሚሄዱት እንዲህ ሲሆን ነው።

ከጥረቱ ሁሉ የሚገኘው ዋና ትምህርት አንድ ነው። ትምህርት ቤት የሚያቋቁሙ ሰዎች ልጆችን የሚወዱና ለሥራ የሚተጉ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሊለካ የሚችል ቃል መጻፍ፥ ማስረጃ መሰብሰብና ማስረጃውን ያለ አድልዎ ማንበብ ግን ፍቅርና ትጋት ብቻ አያስተምሩም። አዲስ ትምህርት ቤት ውል ፈርሞ አምስት ዓመት ከተተወ በኋላ በመጨረሻው ዓመት መርማሪ ቢላክበት ያ ፍርድ ነው እንጂ እርዳታ አይደለም። እርዳታ ማለት ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ «ቃልህን እንዴት ታውቀዋለህ?» እያሉ አብሮ መቀመጥ ነው።

ይህ ነገር ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። ነጻነትን በተጠያቂነት የመለወጥ አሳብ ወደ አገራችንም ገብቷል። ስለ ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች በ2015 ዓ.ም. አዋጅ ወጥቷል፤ በዚሁ መሠረት መጀመሪያ ራስ ገዝ የሆነው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። «ትምህርት ለትውልድ» በተባለው ንቅናቄ ደግሞ ሕዝቡ ለትምህርት ቤቶች ገንዘቡንና ጉልበቱን አዋጥቷል። በሰጠው በሬ፥ በተሸከመው ድንጋይ፥ ባዋጣው ብር ምን እንደ ተሠራና ልጁ ምን እንዳወቀ የመጠየቅ መብት አለው። መልሱን የሚሰጠው ማን ነው? መልስ መስጠት የሚችል ትምህርት ቤት ከሌለ ነጻነቱም መዋጮውም መና ይቀራል።

ራስን የመመርመር ሙያ ስንል ምን ማለታችን ነው? በአራት ነገር ልናሳየው እንችላለን።

የመጀመሪያው ቃል መግባት ነው። በብዙ ትምህርት ቤቶች ደጃፍ ላይ «ብቁና ሥነ ምግባር ያለው ዜጋ ማፍራት» የሚል ጽሑፍ ተሰቅሏል። ይህን ቃል ጠብቋል ወይም አልጠበቀም ብሎ ሊፈርድ የሚችል ሰው የለም። «በዓመቱ መጨረሻ ከ2ኛ ክፍል ልጆቻችን ከመቶ 80ው ይህን አንድ ገጽ አንብበው ከአምስት ጥያቄ አራቱን ይመልሳሉ» የሚል ቃል ግን ሰኔ ሲደርስ ራሱ ይናገራል። ቃሉ ትንሽ ይሁን፤ ነገር ግን የሚያዝ ይሁን።

ሁለተኛው ማስረጃ ነው። ማስረጃ ስንል ሰው የሚያስበው ፈተናንና ቃለ ጉባኤን ነው። በየቀኑ በመምህሩ እጅ የሚያልፈው የልጁ ደብተር ከሁለቱም ይበልጣል። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በስምንት ክልሎች የተደረገው የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ልጆች ከመቶ 34ቱ ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል ስንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ ያሳየው በውድ መሣሪያ አልነበረም። ልጁ ፊት አጭር ታሪክ ይቀርባል፥ በአንድ ደቂቃ ስንት ቃል በትክክል እንዳነበበ ይቈጠራል፥ ከዚያም ስላነበበው ይጠየቃል። የእጅ ሰዓት ያለው መምህር ሁሉ ይህን ማድረግ ይችላል። አንድ ክፍል ስድሳ ልጅ ቢኖረው፥ በቀን ስድስት ልጅ ቢሰማ በሁለት ሳምንት ያልቃል። እንዲህ የተገኘ ቁጥር የመምህሩ የራሱ ነው፤ ቢሮው ባይጠይቀውም ይጠቅመዋል።

ሦስተኛው ማስረጃውን አብሮ ማንበብ ነው። አንድ መምህር ብቻውን ሲመለከት «ልጆቹ ሰነፎች ናቸው» ይላል። ሦስት መምህራን የአንድ ክፍል ደብተሮችን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ሲመለከቱ ግን አርባው ልጅ የተሳሳተው በአንድ ቦታ መሆኑን ያያሉ። አርባ ልጅ በአንድ ቦታ ከተሳሳተ ስሕተቱ የልጆቹ ሳይሆን የአስተማሪነቱ ወይም የመጽሐፉ መሆኑ ይገለጣል። በዚህ ጊዜ ጥያቄው «ማን አጠፋ?» ከመሆን ይወጣና «ምን እናድርግ?» ወደሚል ይለወጣል። ግምገማ ከሚባለው የፍርሃት መድረክ የሚለየውም እዚህ ላይ ነው፤ በጠረጴዛው ላይ የተዘረጋው ደብተር ነው እንጂ የመምህሩ ስም አይደለም።

አራተኛው ተመልሶ መናገር ነው። የተገኘው ነገር፥ የተሞከረው መፍትሔና የሞከሩት ውጤት ለወላጅ፥ ለተማሪና ለመምህር ኅብረት በሚገባው ቋንቋ ሊነገር ይገባል። «ውጤታማነታችን 67.4 ከመቶ ነው» ቢሉት ገበሬው ምን ይረዳል? «ከልጆቻችሁ ሃያው ገና ማንበብ አልቻሉም፤ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እንድናስቀራቸው ፍቀዱልን» ቢሉት ግን ከብት የሚጠብቅለት ሌላ ልጅ ይፈልጋል፥ ልጁንም ይልካል። ተጠያቂነት ማለት ከሁሉ አስቀድሞ ለዚህ ሰው መልስ መስጠት ነው።

ለዚህ አሳብ ተቃዋሚዎች እንደሚነሡ እናውቃለን፤ ክርክራቸውም መሰማት ይገባዋል።

አንዳንዶች «ራሱን የሚመረምር ሰው ራሱን ያመሰግናል፤ ተቆጣጣሪ ብቻ ነው የሚያዋጣው» ይላሉ። ሰው ለራሱ እንደሚያደላ አንክድም። ስለዚህም የውጭ ተመልካች ይቅር አላልንም። ነገር ግን ተመልካቹ ሲመጣ የሚያነጻጽረው ነገር ሊኖረው ይገባል። ትምህርት ቤቱ ስለ ራሱ የጻፈው ከተገኘው ጋር ከተስማማ፥ ድካሙ የቱንም ያህል ቢበዛ፥ ያ ትምህርት ቤት ሊመሰገን ይገባል፤ መንገዱን አግኝቷልና። ድካሙ ጥቂት ሆኖ የሚሸፍን ግን ከሁሉ የበለጠ እርዳታ ያስፈልገዋል።

ሌሎች ደግሞ «መጽሐፍ በሌለበት፥ በአንድ ክፍል ሰማንያ ልጅ በታጐረበት፥ የመምህሩ ደመወዝ የቤት ኪራይ በማይሸፍንበት አገር ስለ ግለ ግምገማ ማውራት ቅንጦት ነው» ይላሉ። ይህ ክርክር ከባድ ነው፤ የመምህሩን ችግር አቃለን የምናልፍ ሰዎች አይደለንም። ነገር ግን ችግሩ ራሱ በማስረጃ ካልቀረበ የሚሰማው የለም። «መጽሐፍ የለንም» የሚል አቤቱታ በየመሥሪያ ቤቱ ተከማችቷል። «መጽሐፍ ለሁለት በደረሰበት ክፍል ይህን ያህል ልጅ አነበበ፥ ለስምንት በደረሰበት ክፍል ይህን ያህል ብቻ» የሚል ዘገባ ግን ከአቤቱታ ይበልጣል፤ ኃላፊውንም መልስ ያስገድደዋል። ተጠያቂነት ወደ ታች ብቻ የሚወርድ አይደለም። ራሱን የመረመረ ትምህርት ቤት ወረዳውንና ቢሮውን «እናንተስ የተሰጣችሁን አደረጋችሁን?» ብሎ ለመጠየቅ አፍ ያገኛል። ችሎታው ለድኻው ትምህርት ቤት ይበልጥ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

የትምህርት ኃላፊዎችን የምንለምነው አንድ ነገር ነው። በመጀመሪያው ዓመት እውነቱን የጻፈ ርእሰ መምህር በጻፈው እውነት አይቀጣ። ትምህርት ቤት ለራሱ የሚጽፈውና ለደረጃ የሚመዘንበት ወረቀት ይለያይ። ሐኪሙና ዳኛው አንድ ሰው ከሆኑ ሕመምተኛው ሕመሙን አይናገርም።

የጉድኝት ማዕከል ሱፐርቫይዘሮች ቅጽ ሰብሳቢ መሆናቸው ይቅርና፥ የአንዱን ትምህርት ቤት መምህራን ወደ ሌላው እየወሰዱ ደብተር እንዲመለከቱ፥ ልጆች ሲያነቡ እንዲሰሙ ያድርጉ። ጎረቤት ትምህርት ቤት ያየው ነገር ከቢሮ ከመጣ ትእዛዝ ይልቅ ይሰማል፤ ነገ ደግሞ ተራው የተመለከተው ሰው ነውና በጭካኔ አይፈርድም።

የመምህራን ኮሌጆችና የዩኒቨርሲቲዎቻችን የትምህርት ፋኩልቲዎች ይህን ሙያ እንደ ሙያ ያስተምሩት። ለትምህርት ልምምድ የሚወጣ ተማሪ ከትምህርት ዕቅዱ ጋር የአንድ ክፍል ልጆችን ንባብ ሰምቶ፥ ቈጥሮ፥ ከክፍሉ መምህር ጋር ተወያይቶ፥ ያገኘውን ለትምህርት ቤቱ አስረክቦ ቢመለስ፥ በብዙ ትምህርት ቤቶች በየዓመቱ ከምንም የማይሻል ወረቀት ፈንታ እውነተኛ ማስረጃ ይቀር ነበር።

ስለ መምህሮቻችንና ስለ እኛ ስለ ተማሪዎችም እንናገር። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» እንዳንባል ምርመራው ከዚሁ ከግቢያችን ሊጀምር ይገባል። በየሴሚስተሩ የመምህራን መገምገሚያ ቅጽ እንሞላለን። ከሞላን በኋላ ምን ተገኘ፥ ምንስ ተለወጠ ብለን የመጠየቅ መብት አለን፤ ቅጹን ሳናነብ በአንድ መስመር ምልክት ከማድረግ የመታቀብ ግዴታም አለብን። የተማሪዎች ኅብረትም በዓመቱ መጀመሪያ የገባውን ቃል ቈጥሮ፥ ገንዘቡን ከምን ላይ እንዳዋለው ጽፎ፥ በዓመቱ መጨረሻ በአባላቱ ፊት ማቅረብ ይገባዋል። ለትምህርት ቤቶች የምንመኘውን ለራሳችን እንቢ ልንል አንችልም።

ከዚያ በኋላ ክረምቱ አለ። ብዙዎቻችን ወደየመጣንበት ወረዳ እንመለሳለን። ከእኛ መካከል አንዳንዶቹ በዚያ ትምህርት ቤት ካለፉት ጥቂቶች መካከል ናቸው፤ ብዙ የክፍል ጓደኞቻቸው አላለፉም። በዚያ ትምህርት ቤት ለሁለት ሳምንት ተቀምጦ፥ መምህራኑን በአክብሮት አስፈቅዶ፥ ለክረምት ትምህርት የመጡትን ልጆች ንባብ መስማትና ውጤቱን ለርእሰ መምህሩ ማስረከብ ከዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚበዛ ሥራ አይደለም። ልንከስስ አንሄድም፤ ልንቈጥር፥ ልናግዝና ያገኘነውን ለባለቤቱ ልንመልስ እንሄዳለን። ከእኛም መካከል ብዙዎቹ ነገ በእነዚሁ ክፍሎች ጠመኔ ይዘው የሚቆሙ ናቸውና፥ ዛሬ የምንማረው ሙያ የራሳችን ስንቅ ነው።

የፈተናው ቁጥር በመጪዎቹ ዓመታት ከፍ ሊል፥ ዝቅም ሊል ይችላል። እኛ የምንጠብቀው ምልክት ከዚያ የሚቀድም ነው፤ ይኸውም አንድ ርእሰ መምህር ውጤቱ ከመምጣቱ በፊት ቆሞ «ይህን ያህል ልጆቻችን አያልፉም፤ ምክንያቱ ይህ ነው፤ የጀመርነውም ይህን ነው» ለማለት የሚደፍርበት ቀን ነው። ያን ቀን ድንጋጤ ይቀራል። ሥራ ይጀመራል።